የሥነ ምሕዳር ዕውቀትና የአስተዳደር ውሳኔ፦ ከጉኑኖ የአፈር ጥናት ለሺንሺቾ የሚገኝ ትምህርት

1. መግቢያ

የቃጫ ቢራ ወረዳ ዋና ከተማ በሆነችው በሺንሺቾና በዙሪያዋ ባሉት የከምባታ ቀበሌዎች መሬቱ ጠባብ፣ ሕዝቡም ብዙ ነው። ገበሬው በቤቱ ዙሪያ እንሰትና ቡና፣ ከዚያ ዝቅ ብሎ እህልና ሥራ ሥር፣ በዳገቱና በመንገዱ ዳር ደግሞ ባሕር ዛፍ ይተክላል። እንዲህ ባለ አገር እያንዳንዱ ክንድ መሬት ሥራ አለው። በበጋ ወራት ሕዝቡ ለተፋሰስ ልማት ጉልበቱን በነጻ ሲያዋጣ፣ በክረምትም ችግኝ ሲተክል፣ እርከኑ የት ይሠራ፣ ምን ዓይነትስ ይሁን፣ የትኛው ዛፍ በየትኛው መሬት ይተከል የሚሉት ጥያቄዎች በቀበሌና በወረዳ ደረጃ ውሳኔ ይሻሉ። ለውሳኔው የሚረዳው ዕውቀት ግን ብዙውን ጊዜ በምርምር ጣቢያና በዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ተቀምጦ ይገኛል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የሥነ ምሕዳር ባለሙያዎች ያገኙት ዕውቀት ወደ ውሳኔ ሰጪዎች የሚደርስበትንና የማይደርስበትን ምክንያት ከአገራችን ታሪክ በተወሰዱ ምሳሌዎች ማብራራት፣ በዚህም ረገድ መምህራንና የዕቅድ ሠራተኞች ሊያበረክቱት የሚችሉትን ድርሻ ማመልከት ነው። ዋናው ሐሳብ ባጭሩ ይህ ነው፤ ዕውቀት ውሳኔን የሚለውጠው እውነት ስለሆነ ብቻ አይደለም። ወሳኙ ለሚጠይቀው ጥያቄ መልስ ሆኖ፣ ውሳኔው ከመሰጠቱ በፊት ደርሶ፣ ውሳኔው የሚነካው ሕዝብም በሚያውቀው ቋንቋ ተገልጦ መገኘት አለበት። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት፣ የአዋጅ ቁጥር ካልሆነ በስተቀር፣ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።

2. ሁለቱን ወገኖች የሚያራርቃቸው ነገር

ተመራማሪውና አስተዳዳሪው የሚራራቁት ብዙ ጊዜ በክፉ ፈቃድ አይደለም። የሥራቸው ጠባይ ራሱ በአራት ነገሮች ይለያያል።

የመጀመሪያው ጥያቄያቸው ነው። ተመራማሪው «ይህ ነገር ለምን እንዲህ ሆነ?» ብሎ ይጠይቃል። አስተዳዳሪው ደግሞ «ባለኝ በጀትና ባለኝ ጊዜ ከሁለቱ የትኛውን ላድርግ?» ይላል። የመጀመሪያው ጥያቄ መልስ የግድ የሁለተኛው መልስ አይሆንም። አንድ ተዳፋት በምን ያህል ፍጥነት እንደሚሸረሸር ማወቅ፣ በዚያ ተዳፋት ላይ እርከን ይሠራ ወይስ ሣር ይተከል የሚለውን በራሱ አይወስንም።

ሁለተኛው ጊዜያቸው ነው። ስለ አፈር ወይም ስለ ደን ታማኝ መረጃ ለማግኘት የብዙ ክረምቶች ልኬታ ያስፈልጋል። የመንግሥት በጀት ዓመት ግን ሐምሌ 1 ቀን ይጀምራል፤ የአፈር ጥበቃው ሥራ ሰብል ከተሰበሰበ በኋላ ይካሄዳል፤ ችግኙም ዝናቡን ተከትሎ ይተከላል። ዕቅዱ ከጸደቀ በኋላ የሚመጣ ምክር፣ ምንም እንኳ ትክክል ቢሆን፣ እስከሚቀጥለው ዓመት ከመሳቢያ አይወጣም።

ሦስተኛው ቋንቋቸው ነው። የምርምር ውጤት የሚታተመው በአብዛኛው በእንግሊዝኛ ነው። የቀበሌ ስብሰባ የሚካሄደው በአማርኛ ወይም በከምባትኛ ነው። በሁለቱ መካከል የቃላት ልዩነት ብቻ ሳይሆን የመለኪያ ልዩነትም አለ። ተመራማሪው ቶን በሄክታር ሲል ገበሬው የሚያስበው በጥማድ፣ በጣትና በክንድ ነው።

አራተኛው ኃላፊነታቸው ነው። ተመራማሪ ቢሳሳት ስሕተቱ በሚቀጥለው ጽሑፍ ይታረማል። አስተዳዳሪ ቢሳሳት ጉልበታቸው በከንቱ በፈሰሰው ሰዎች ፊት ይጠየቃል። ስለዚህ አስተዳዳሪው ከአዲስ ዕውቀት ይልቅ የታወቀውን መመሪያ ቢመርጥ ሊያስገርም አይገባም።

3. የጉኑኖ ጥናትና ያስከተለው ነገር

ከላይ የተዘረዘረው ልዩነት በተግባር እንዴት እንደሚታይ ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በጎረቤት ወላይታ፣ በአረካ አቅራቢያ የምትገኘው ጉኑኖ ጥሩ ምሳሌ ናት።

በ1981 የስዊትዘርላንድ የበርን ዩኒቨርሲቲ ከኢትዮጵያ ግብርና ሚኒስቴር ጋር በመተባበር የአፈር ጥበቃ ምርምር ፕሮግራም ጀመረ። ሥራውን የመሩት የመልክዐ ምድር ሊቁ ሐንስ ሁርኒ ነበሩ። ማይባር በወሎ፣ አንዲት ጥድ በሰሜን ሸዋ፣ አንጀኒ በጎጃም፣ ሁንዴ ላፍቶ በሐረርጌ፣ ዲዚ በኢሉባቦር፣ አፍደዩ በኤርትራ፣ ጉኑኖም በወላይታ የምርምር ጣቢያ ሆኑ። በየጣቢያው ዝናቡ፣ ከማሳው የሚወርደው ጎርፍና አብሮት የሚሄደው አፈር ይለካ ነበር። ልዩ ልዩ ዓይነት እርከኖችም ጎን ለጎን ተሠርተው ተነጻጸሩ።

ይህ ጥናት በተጀመረበት ዘመን በአገሪቱ ከፍተኛ ቦታዎች ታላቅ የእርከን ሥራ ይካሄድ ነበር። ከረኀቡ ዘመናት በኋላ በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ገበሬዎች እህል እየተከፈላቸው ዳገቱን ይገድቡ ነበር። ሥራው ባብዛኛው የሚመዘነው በተሠራው እርከን ርዝመት ሲሆን፣ አንዱ ዓይነት እርከን ዝናቡና አፈሩ በማይመሳሰሉ ቦታዎች ላይ ይደገም ነበር።

ችግሩም ከዚህ ላይ ነው። በውሃ ልክ የተሠራ እርከን ዝናብ በሚያንስበት አገር ውሃውን ይዞ ወደ መሬት ያሰርጋል፤ ይህም ጥቅም ነው። ዝናብ በሚበዛበት ወይና ደጋ ግን ያው እርከን ውሃውን አቁሮ ማሳውን ረግረግ ያደርጋል። የሰብሉ ሥር ይበሰብሳል፤ አንዳንድ ጊዜም እርከኑ ተጥሶ የተጠራቀመው ውሃ ከበፊቱ የባሰ ጎርፍ ይሆናል። በእንዲህ ያለው ስፍራ የሚስማማው ጥቂት ዘመም ተደርጎ የተሠራና ትርፉን ውሃ ወደ ማፋሰሻ ቦይ የሚመራ እርከን ነው። ከጣቢያዎቹ የተገኘው ልኬታ ይህን ልዩነት በግልጽ አሳየ።

ሌላም ያልተጠበቀ ነገር አሳየ። ካርል ኸርቬግና ኤፋ ሉዲ በ1999 ባሳተሙት የጣቢያዎቹ ግምገማ እንደተገለጠው፣ እርከኖቹ የአፈር መጠረግንና ጎርፍን በብዙ ቀንሰዋል፤ የሰብል ምርት ግን በመጀመሪያዎቹ ዓመታት እምብዛም አልጨመረም። እርከኑ ራሱ መሬት ይወስዳል፤ አይጥና አረም ይራባበታል፤ በጠባብ ማሳ ላይ በሬ ለማዞር ያስቸግራል። ግማሽ ሄክታር ማለትም 5,000 ካሬ ሜትር መሬት ያለው ገበሬ አንድ አሥረኛውን ለእርከን ቢሰጥ 500 ካሬ ሜትር ከእርሻ ወጣበት ማለት ነው። ባለሙያው የሚያየው የተጠበቀውን አፈር፣ ገበሬው የሚያየው የጎደለውን እህል ነው። ሁለቱም ያዩት እውነት ነው።

ይህ ዕውቀት ወደ ውሳኔ ሰጪዎች የሚደርስበት መንገድ ገና በጧቱ ተበጅቶለት ነበር። በ1986 ሁርኒ ለልማት ሠራተኞች የሚሆን የአፈር ጥበቃ መመሪያ አዘጋጅተው በግብርና ሚኒስቴር በኩል ታተመ። መመሪያው ሠራተኛው መጀመሪያ አገሩን ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋ ወይም ውርጭ ብሎ እንዲለይ፣ ቀጥሎ የዝናቡን መጠን፣ ከዚያም አፈሩንና ተዳፋቱን ተመልክቶ የሚስማማውን ሥራ እንዲመርጥ የሚያደርግ ነው። የምርምሩ ውጤት በገበሬው ቃል ተቀምጦ፣ «የትኛውን ላድርግ?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ሆኖ ቀረበ። አንድ ሳይንሳዊ ግኝት ወደ ተግባር እንዴት እንደሚተረጎም ለማስተማር ከዚህ የተሻለ ምሳሌ በአገራችን ማግኘት ያስቸግራል።

ሆኖም መመሪያው ብቻውን አልበቃም። ዘመቻው በኪሎ ሜትር መመዘኑ እስካልቀረ ድረስ ሠራተኛው ለቦታው የሚስማማውን ለመምረጥ የሚገፋፋው ነገር አልነበረም። ገበሬውም በገዛ መሬቱ ላይ ስለሚሠራው ሥራ ሐሳቡን አልተጠየቀም። በ1991 መንግሥት ሲለወጥ በብዙ ስፍራ እርከኖች ፈረሱ፤ በዘመቻ የተተከሉ ደኖችም ተመነጠሩ። ኅብረተሰቡ በዕቅዱ ተሳታፊ የሚሆንበት የተፋሰስ ልማት መመሪያ በግብርና ሚኒስቴር የወጣው በ2005 ነው። ከመጀመሪያው ልኬታ እስከዚያ ድረስ ከ20 ዓመት በላይ አለፈ።

ከዚህ ታሪክ የሚገኘው ትምህርት ሁለት ነው። አንደኛ፣ ጥሩ መመሪያ የሥራው መመዘኛ ካልተለወጠ አይሠራም። ስለዚህ ባለሙያው ለአስተዳዳሪው ምን ይሠራ ብቻ ሳይሆን ሥራው በምን ይመዘን ብሎ ጭምር መምከር አለበት። ሁለተኛ፣ የገበሬውን ሂሳብ ያላስገባ ምክር የሳይንሱ እውነትነት አያድነውም።

4. ስለ ቁጥር አጠቃቀም

ውሳኔ ሰጪን በፍጥነት የሚያሳምነው ቁጥር ነው። ስለዚህም ቁጥር በጥንቃቄ መያዝ አለበት። በ1980ዎቹ የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት የደጋውን መሬት መልሶ ስለማልማት ባደረገው ጥናት፣ ከታረሰ መሬት በዓመት በአማካይ 130 ቶን አፈር ከአንድ ሄክታር እንደሚጠረግ ተገምቶ ነበር። የምርምር ጣቢያዎቹን ልኬታ መሠረት ያደረገው የሁርኒ ግምት ግን 42 ቶን ነው። ልዩነቱ ከሦስት እጥፍ በላይ ነው።

ከሁለቱ ማንኛቸውም ሆን ብለው አላጋነኑም። ስሌታቸውና መነሻቸው ይለያያል። በተጨማሪም ከአንድ ማሳ የተጠረገ አፈር ሁሉ ከአገር ይወጣል ማለት አይደለም፤ አብዛኛው ዝቅ ባለው ማሳ፣ በአጥሩ ሥርና በሜዳው ላይ ያርፋል። ይህን ሳያስረዳ ትልቁን ቁጥር ብቻ ይዞ ወደ ስብሰባ የሚገባ ባለሙያ ለጊዜው ጆሮ ያገኝ ይሆናል። ቁጥሩ በሌላ ቁጥር በተነካ ጊዜ ግን የሚጠፋው አመኔታ የእርሱ ብቻ አይደለም፤ ከእርሱ በኋላ የሚመጡት ባለሙያዎች ሁሉ ይከፍሉበታል።

ትንሹም ቁጥር ቢሆን በሚጨበጥ መንገድ ከተገለጠ በቂ ነው። ይህን በክፍል ውስጥ ማስላት ይቻላል። በአንድ ሄክታር ላይ የ1 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው አፈር 10 ሜትር ኩብ ይሆናል። አንድ ሜትር ኩብ አፈር 1.2 ቶን ቢመዝን 12 ቶን ማለት ነው። እንግዲህ 42 ቶን 3.5 ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ በአሥር ዓመት 3.5 ሳንቲ ሜትር፣ ማለትም ሁለት ጣት ያህል። ለቀበሌ ስብሰባ «42 ቶን በሄክታር» ከማለት «ልጃችሁ አንደኛ ክፍል ገብቶ አሥረኛ ክፍል እስኪጨርስ ድረስ ሁለት ጣት አፈር ይሄዳል» ማለት ይሻላል። ቁጥሩ ያው ነው፤ የደረሰበት ሰው ግን ይለያያል።

5. ወሳኙን ከልኬታው ማሳተፍ

ሌላው መንገድ ውሳኔ ሰጪውን ከጥናቱ መጨረሻ ሳይሆን ከመጀመሪያው ማስገባት ነው። ለዚህ የታወቀው ምሳሌ በ1996 በትግራይ በአራት የገጠር መንደሮች የተጀመረው የኮምፖስት ሥራ ነው። የሥራው አመንጪ የዕፅዋት ሥነ ምሕዳር ሊቁ ዶክተር ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔር ሲሆኑ፣ የዘላቂ ልማት ኢንስቲትዩት የተባለው ድርጅት ከክልሉ ግብርና ቢሮ ጋር ሆኖ አካሄደው። በመከር ጊዜ ኮምፖስት ከተደረገበት፣ የፋብሪካ ማዳበሪያ ከተደረገበትና ምንም ካልተደረገበት ማሳ የተገኘው ምርት ባለ መሬቶቹና የግብርና ሠራተኞቹ ባሉበት ይመዘን ነበር። ኮምፖስቱ ከፋብሪካው ማዳበሪያ ጋር የሚተካከል፣ ብዙ ጊዜም የሚበልጥ ምርት ሰጠ። የግብርና ቢሮው ሠራተኞች ውጤቱን በወረቀት ከማንበባቸው በፊት በዓይናቸው ስላዩት፣ ሥራውን ወደ ሌሎች ወረዳዎች ለማስፋፋት ተከራካሪዎቹ እነርሱ ራሳቸው ሆኑ።

ዶክተር ተወልደ ብርሃን የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣንን መርተዋል፤ በ2000 የጸደቀው የካርታኼና የደኅንነተ ሕይወት ፕሮቶኮል ሲረቀቅም የአፍሪካ መንግሥታት ተደራዳሪዎች ቃል አቀባይ ነበሩ። እያንዳንዱ ባለሙያ ለእንዲህ ያለ ኃላፊነት አይታደልም። የአራቱ መንደሮች አሠራር ግን በማንኛውም ወረዳ ሊደገም ይችላል፤ የሚጠይቀው ሚዛንና የመከር ቀን ጥሪ ብቻ ነው።

6. ውሳኔ የሚሰጠው በመንግሥት ብቻ አይደለም

ፖሊሲ ሲባል ሐሳባችን ወዲያው ወደ ዋና ከተማ ይሄዳል። ሆኖም አንዳንዱ የሥነ ምሕዳር ጉዳይ የሚወሰነው በመንደር ነው። የእንሰት አጠውልግ በሽታ ለዚህ ምስክር ነው። ዳኛቸው ይርጉና ብራድበሪ የተባሉ ተመራማሪዎች በሽታው ከባክቴሪያ የሚመጣ መሆኑን በ1968 አስታወቁ። መከላከያው ረቂቅ አይደለም፤ የታመመውን ተክል ነቅሎ መቅበር፣ መቁረጫውን መሣሪያ በእሳት መለብለብ፣ ከብት ከታመመው ማሳ እንዳይገባ መከልከል፣ ለተከላ የሚሆነውን ከጤነኛ ቦታ ማምጣት ነው።

ይህን አንድ ቤተሰብ ብቻውን ቢፈጽም ጥቅሙ ትንሽ ነው፤ ቢላዋው በመንደሩ ይዋዋሳል፣ ከብቱም አጥር ይሻገራል። ስለዚህ ዕውቀቱ የጋራ ደንብ መሆን አለበት። በከምባታና በሐዲያ ሕዝብ ዘንድ «ሴራ» የሚባለው ነባር የመተዳደሪያ ሥርዐት (በአማርኛ ከምናውቀው ቃል ጋር መምታታት የለበትም) የጋራ ጉዳይ የሚመከርበትና የሚደነገግበት መድረክ ነው። በአረካ የግብርና ምርምር ማእከል እንሰትን የሚያጠና ባለሙያ ምክሩን ለወረዳው ጽሕፈት ቤት ብቻ ከሚያደርስ፣ በሽማግሌዎቹም ፊት ቢያስረዳ ውሳኔው ጠባቂ ያገኛል።

ከመንደር ከፍ ባለው ደረጃም ቢሆን በር አለ። በ1997 የጸደቀው የኢትዮጵያ የአካባቢ ፖሊሲ የሕዝብን ተሳትፎ እንደ መሠረታዊ መርሕ ይቆጥራል። በ2002 የወጣው የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995ም የግምገማው ሪፖርት ለሕዝብ ተገልጦ አስተያየት እንዲሰበሰብበት ደንግጓል። በሩ መኖሩን የሚያውቅና በጊዜው የሚገባ ሰው ከሌለ ግን ድንጋጌው ወረቀት ሆኖ ይቀራል።

7. የአንድ ገጽ ማስታወሻ

የወረዳ ኃላፊ የመቶ ገጽ ጥናት ለማንበብ ጊዜ የለውም። አንድ ገጽ ግን ያነባል። በሚከተለው ቅደም ተከተል የሚዘጋጅ ማስታወሻ በብዙ ቦታ ጠቃሚ ሆኖ ይገኛል። ለመለማመጃ ያህል የቃጫ ቢራን የእርከን ጉዳይ ርእስ አድርገን እንውሰድ።

ሀ. የሚወሰነው ጥያቄ፦ «በሚመጣው በጋ፣ ዝናብ በሚበዛባቸው ቀበሌዎች የሚሠራው እርከን በውሃ ልክ ይሁን ወይስ ዘመም ያለ?»

ለ. መልሱ በአንድ ዐረፍተ ነገር፦ «ዘመም ያለው ይሻላል፤ አስቀድሞ ግን ማፋሰሻው ቦይ መዘጋጀት አለበት።»

ሐ. ማስረጃው፦ ከየት እንደተገኘ፣ ያም ቦታ በዝናብና በአፈር ከእኛ ጋር ምን ያህል እንደሚመሳሰል።

መ. ያልታወቀው፦ ለምሳሌ በዚህ ወረዳ ልኬታ ያልተደረገ ከሆነ በግልጽ ይነገር።

ሠ. የሚያስከፍለው፦ ስንት የሥራ ቀን፣ ምን ያህል መሬት፣ ከማን ላይ። ማፋሰሻው የሚያልፍበት ገበሬ ማሳው ይቆረጣል፤ ይህን ሳይናገሩ ማለፍ ለጠብ በር መክፈት ነው።

ረ. መመዘኛው፦ ከሁለት ክረምት በኋላ ሥራው መሳካቱ በምን ይታወቃል?

ከእነዚህ ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው «መ» ነው። የማይታወቀውን መናገር ምክሩን የሚያዳክም ይመስላል። ነገር ግን ኃላፊው ምን ያህል መድፈር እንደሚችል የሚያውቀው በዚያ ነው። ባለሙያው አማራጮቹንና ውጤታቸውን ያቀርባል፤ የሕዝቡን ጥቅም አመዛዝኖ የሚወስነው ግን የተመረጠው አካል ነው። ይህ ወሰን ሲጠበቅ ሁለቱም ይከባበራሉ።

8. የመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጆች ድርሻ

በአንድ ወረዳ ውስጥ የሥነ ምሕዳር ተመራማሪ ላይኖር ይችላል፤ መምህር የሌለበት ቀበሌ ግን የለም። መምህሩ የሳይንሱን ቃል ያውቃል፤ የአካባቢውን ቋንቋ ይናገራል፤ በየዓመቱም እዚያው ይገኛል። ስለዚህ በሁለቱ ወገኖች መካከል ድልድይ ለመሆን ከማንም የቀረበ ነው። ከዚህ አንጻር የሥርዐተ ትምህርት አዘጋጆች የሚከተሉትን ቢያስቡባቸው መልካም ነው።

በመጀመሪያ፣ በባዮሎጂና በጂኦግራፊ ትምህርት የሚሰጠው የሥነ ምሕዳር ክፍል በትርጓሜና በሥዕል ከሚያበቃ፣ በአንድ የአካባቢ ውሳኔ ይጠናቀቅ። ሠልጣኙ ከላይ የተመለከተውን የአንድ ገጽ ማስታወሻ ጽፎ በወረዳው የግብርና ባለሙያ ፊት እንዲያስረዳ ይደረግ።

ሁለተኛ፣ ትምህርት ቤቶች ቀላል ልኬታ ይያዙ። በተዳፋት ላይ ምልክት የተደረገባቸውን ችካሎች ተክሎ ከእያንዳንዱ ክረምት በፊትና በኋላ የአፈሩን ከፍታ መለካት፣ የዝናቡን መጠን በየቀኑ መመዝገብ ብዙ ወጪ አይጠይቅም። እንዲህ ያለው ልኬታ የምርምር ጣቢያን አይተካም። ለአሥር ዓመት ሳይቋረጥ የተያዘ መዝገብ ግን ወረዳው የራሱ የሆነ ማስረጃ እንዲኖረው ያደርጋል።

ሦስተኛ፣ የዕቅድ ሠራተኞች የወረዳውን የውሳኔ ጊዜ ሰሌዳ ለኮሌጆች፣ ለምርምር ማእከላትና በሆሳዕና እንደሚገኘው እንደ ዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ ላሉት ተቋማት አስቀድመው ያሳውቁ። በጀቱ መቼ እንደሚረቀቅ፣ የበጋው ሥራ መቼ እንደሚታቀድ ያላወቀ ባለሙያ በጊዜው ሊደርስ አይችልም።

9. ማጠቃለያ

የጉኑኖ ጥናት እንደሚያሳየው ትክክለኛ ዕውቀት በእጅ እያለ ጉልበትም መሬትም ሊባክን ይችላል። የትግራዩ የኮምፖስት ሥራ ደግሞ አራት መንደር ላይ የተጀመረ ልኬታ ወሳኞቹ አብረው ከመዘኑት እንደሚስፋፋ ያሳያል። የሁለቱ ልዩነት ከሳይንሱ ጥራት የመጣ አይደለም፤ ጥያቄው የማን እንደ ነበረና ሚዛኑን ማን እንደ ያዘ ከማየት የሚገኝ ነው።

የሺንሺቾ ገበሬ በበጋ ለተፋሰስ ሥራ የሚያዋጣው ጉልበት ለራሱ እርሻ ሊያውለው ይችል የነበረ ጉልበት ነው። ያ ጉልበት ውሃ ለሚያቁር እርከን እንዳይውል የሚያስጠነቅቀው ቃል ከዘመቻው በፊት መነገር አለበት። ያንን ቃል አስቀድሞ ለመናገር የሚችል መምህር ማዘጋጀት የማሠልጠኛ ኮሌጆች ተግባር ሲሆን፣ ቃሉ የሚሰማበትን ቀን መወሰን ደግሞ የዕቅድ ሠራተኞች ፈንታ ነው።